ከአውቶቡስ ያወረዱኝን መምህር ፍለጋ ከዶዶላ ልደታ

ይህን የምጽፈው ከዶዶላ ወጥቶ ለማያውቅ ሰው ነው። አዲስ አበባን የሚያውቅ ባያነበው ደስ ይለኛል፤ «ይሄማ እንዲህ አይደለም» ብሎ ያርመኛል፣ መታረም ደግሞ በቅቶኛል። ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ሸብቶ ነው። መሠረተ ትምህርት ተብሎ አገር ሲማር እኔ ለአስተማሪዎቹ ሽሮ አማስል ነበር፤ አንዳቸውም ማማሰያውን ከእጄ ተቀብለው እርሳስ አልሰጡኝም። ስለዚህ ብሳሳት አንባቢ ይታገሠኝ፣ ካልታገሠም ይተወው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ አንድ የመምህራን ኮሌጅ ወጥ ቤት እሠራ ነበር። የኮሌጁን ስም አልጽፍም። ኮሌጁ ኳየር ነበረው። ኳየር ማለት ለማያውቅ፣ ሰዎች ተሰልፈው አንዱን ዘፈን በአራት ዓይነት ድምፅ የሚዘፍኑበት ነው፤ ሴቶቹ ቀጭኑንና መካከለኛውን፣ ወንዶቹ ከፍ ያለውንና ወፍራሙን። ወፍራሙ ባስ ይባላል። አሠልጣኙ መምህር ታደሰ አንድ ቀን በወጥ ቤቱ መስኮት ሲያልፉ፣ ድስት እያማሰልኩ ሳንጎራጉር ሰሙኝና ገቡ። ይሄን ድምፅ ከየት አመጣኸው አሉኝ። ከየት አመጣዋለሁ፣ ከሆዴ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሽርጤን እያወለቅኩ ከተማሪዎቹ ጋር መቆም ጀመርኩ።

ማንበብ ስለማልችል ሁሉንም በጆሮዬ ነው የያዝኩት። ደግነቱ የባስ ድርሻ ቃል አይበዛበትም። መምህሩ ራሳቸው የደረሱት «ተሻገሩ» የሚባል ዘፈን ነበር፤ ወንዝ ሞልቶባቸው ማዶ መሄድ ስላለባቸው ልጆች። ሌሎቹ ስለ ወንዙና ስለ ጭጋጉ ብዙ ሲያወሩ፣ ባስ ከሥር «ተሻገሩ፣ ተሻገሩ» እያለ ይሄዳል። በቃ፣ ያ ብቻ ነው። ልጆቼ ይሄንኑ ከኔ ሰምተው አድገው ዘፈኑ ሙሉውን እንዲህ ይመስላቸዋል። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ የወፍጮ ድምፅ ነው ትለዋለች።

አንድ ችግር ነበረብኝ። በማማሰያው ልክ መዝፈን ስለለመድኩ እዘገያለሁ። መምህር ታደሰ ጭናቸውን በመዳፋቸው እየመቱ «ትጎትታለህ ደምሴ፣ ትጎትታለህ። እዚህ ድስት የለም» ይሉኛል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ።

ከዚያ ኳየሩ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲዘፍን ተጠራ። ሸሚዜን አጥቤ፣ ጫማ ተውሼ አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ። ሞተሩ ተነስቶ ሳለ መምህር ታደሰ ወደ ኋላ መጡና «ደምሴ፣ አንተ ውረድ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ወረድኩ። ሲመለሱም ኩርፊያዬን ይዤ ወጥ ቤቴ ቀረሁ፤ እሳቸውም አልጠሩኝ፣ እኔም አልሄድኩ። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ።

ማንበብ ስለማልችል ነው ያወረዱኝ ብዬ ደመደምኩ። በቦታዬ አንድ ተማሪ እንዳቆሙም እርግጠኛ ነበርኩ። መልክ ሳይቀር ሠራሁለት፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ክራቫት ያሰረ። ያንን ልጅ ስንት ዘመን ረግሜዋለሁ። የማታ ትምህርት የገባሁትም በሱ እልህ ነው እንጂ እውቀት ርቦኝ አይደለም።

ከጥምቀት በኋላ ጌታቸው ደወለልኝ። ጌታቸው ያኔ ከፍተኛውን የወንድ ድምፅ የሚዘፍን ተማሪ ነበር፣ አሁን ልደታ ነው የሚኖረው። መምህር ታደሰን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው እንደማይታዘዝ፣ አንደበታቸውም እንደተያዘ ነገረኝ። ሐኪሙ ለሚስታቸው፣ መናገር ያቃታቸው አንዳንድ ሕሙማን መዝፈን ይችላሉ ብሏቸዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያሉት የኳየሩ ልጆች እሁድ እሁድ እየሄዱ ይዘፍኑላቸዋል፣ እሳቸው ግን ከንፈራቸውን እንኳ አላንቀሳቀሱም። «ባስ የለንማ ደምስ። ከሥር ባዶ ነው» አለኝ።

አስካለ ሰማችና ያዋረደህ ሰው ዘንድ ነው የምትሄደው አለችኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ አልኳት። መናገር አይችሉም እያልከኝ አይደል እንዴ አለች። እኔ ግን ሄድኩ።

ሐሙስ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሳ። አንድ ጀሪካን የጫካ ማር ይዣለሁ፤ የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ለታመመ ነው እንጂ ላወረደኝ አይደለም እያልኩ ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት።

አሳሳን አልፈን በቆጂ ስንደርስ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ሰው ሁሉ በረደን እያለ ይንቀጠቀጣል። እኔን አልገረመኝም፣ ዶዶላም ያው ነው። አሰላ ላይ ለቁርስ ቆምን። ፍርፍር አዘዝኩ። የኛ አገር ፍርፍር ቅቤ አለው፤ የአሰላው ቅቤ እንዳለው ይነገርለታል። ያም ሆኖ ሴትየዋ መንገደኛ ነህ ብላ ሳልጠይቃት ዳቦ ጨመረችልኝ።

አዳማ ላይ መከራ መጣ። ሙቀት አይደለም፣ ምድጃ ነው። እግሬ ሥር ያስቀመጥኩት ማር ቀጥኖ በክዳኑ ሥር መውጣት ጀመረ፤ እኔ እንቅልፍ ላይ ነኝ። ስነቃ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቀሚሷን ይዛ ትመለከተኛለች። አሁን ትሰድበኛለች ብዬ ለመሳደብ ተዘጋጀሁ። እሷ ጣቷን ላሰችና «የጫካ ነው አይደል? የአባቴ አገር ማር ነው» አለችኝ። ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ ክዳኑን አሰረችልኝ። ለስድብ ያዘጋጀሁት አፌ እስከ ቢሾፍቱ ሲያመሰግናት ሄደ።

ከአዳማ በኋላ ያለው መንገድ እንዲህ ነው፦ ሰፊ ነው፣ በአጥር ነው፣ ላም አይገባበትም። ዶዶላ መንገዱ የላም ነው፣ መኪና በልመና ነው የሚያልፈው። እዚህ ላሟ አጥሩ ማዶ ቆማ መኪናውን ታያለች። ደስ አላለኝም፣ ግን ፈጣን ነው።

ቃሊቲ መናኸሪያ ወርጄ በባቡር ሄድኩ፣ ጌታቸው እንደመከረኝ። የባቡሩ ሰው ብዛት እስትንፋስ ያሳጣል። እንዳልወድቅ ብረቱን በማር እጄ ይዤ ነበርና ልደታ ስደርስ እጄ አልላቀቅም አለ። ከኋላዬ ያሉት እየገፉኝ አንድ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ባቡሩን ይዘውት ሊወርዱ ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቁ። እኔም መሳቅ አማረኝ፣ ግን አልሳቅኩም።

ልደታ ኮንዶሚኒየም እንደ ደረስኩ ስልኬ ሞተ። እኛ አገር ቤት በባለቤቱ ነው የሚታወቀው፤ እዚህ በቁጥር ነው፣ ሁሉም ፎቅ ደግሞ የአንድ እናት ልጅ ነው። የብሎኩን ቁጥር ራሴ አንብቤ አገኘሁት፤ ኩራት ተሰማኝ። አራተኛ ፎቅ በግራ በኩል ተብያለሁ። ከምድር ጀምሬ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ቆጥሬ አራተኛው ላይ አንኳኳሁ። አንዲት ሽማግሌ ሴት ከፈቱልኝ። ሻሽ የጠመጠሙ የወሎ እናት ናቸው፣ እማማ ዘሃራ ይባላሉ። ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ ማር የነካ ጃኬቴንና አቧራዬን አይተው «ግባ ልጄ፣ ከሩቅ ነው የመጣኸው» አሉኝ። እኔ ልጃቸው አልሆንም፣ ግን ገባሁ። የጌታቸው አከራይ መስለውኛል። እጄን አስታጠቡኝ፣ ሩዝ በሥጋ አቀረቡልኝ፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ ስላቸው ሩዙን ብቻ ለይተው በሌላ ሳህን አመጡልኝ። በልቼ ስጨርስ ጌታቸው መቼ ይመጣል አልኳቸው።

«ኦርጋን የሚነካው? እሱማ ከላያችን ነው» አሉ። «በኮርኒሱ ነው የምናውቀው።»

ለካስ እዚህ ምድር ቤቱን ፎቅ ብለው አይቆጥሩትም። እኛ አገር መሬት ይቆጠራል። እማማ ዘሃራ ራሳቸው ደረጃውን ወጥተው አደረሱኝ፤ ጌታቸውን በሩ ላይ «እንግዳህን አቅምሼልሃለሁ» አሉት።

ዓርብ

ጌታቸው ወፍሯል። ባለቤቱ ዘነበች ደግ ሴት ናት፤ አልጋቸውን ለኔ ለቀው እነሱ ሳሎን ተኙ፣ ብቃወምም አልሰሙኝም። አልጋው ለስላሳ ስለነበር ወገቤን አመመኝ። ይሄን አልነገርኳቸውም።

ጠዋት ሙዚቃውን አሳየኝ። ትንሿን መኝታ ቤት ግድግዳውን በስፖንጅና በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ኮምፒዩተርና ኦርጋን አስገብቶባታል። ከተመረቀ በኋላ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ቆይቶ፣ ማስተማሩን ትቶ ሰርግ ላይ የሚጫወት ባንድ ውስጥ ገባ። ብዙ ዓመት ሙሽራ ሲያስገባ ኖረ። አሁን ሙሽሮች ዲጄ ነው የሚጠሩት። እሱም ለልጆች ዘፈን ያቀናብራል፣ ለሳሙናና ለብስኩት ማስታወቂያ ሙዚቃ ይሠራል። አንዱን አሰማኝ፤ ከመጀመሩ አለቀ። ይሄ ነው ወይ አልኩት። አዎ፣ አጭር ነው የሚፈልጉት አለኝ። መምህር ታደሰ አንዲት መስመር ለማስያዝ ሳምንት ያቆሙን ነበር፤ ያ ሁሉ ለብስኩት ነው እንዴ አልኩ በልቤ። እሱ ግን ደስተኛ ነው።

ቀጥሎ «ተሻገሩ»ን ከፈተ። ከሥር ወፍራም ድምፅ ይሄዳል። «ይኸው ባስህ፣ በአንድ ጣቴ ነው የሠራሁት» አለኝ። ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ አልኩት። ይሄንን አሰምተናቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ አለኝ።

እዚያው እያለን ያን ቀን ለምን እንደወረድኩ ጠየቅኩት። ጭንቅላቱን አከከና «ወንበር ጠቦን መሰለኝ» አለ። ወንበር አልጠበበም። ከኋላ ብቻዬን ነበር የተቀመጥኩት፣ ከጎኔ ጃኬቴን ነበር ያስቀመጥኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ እዚያው ልደታ ወዳሉት ፍርድ ቤቶች ወሰደኝ፣ ሰብለን ላገኛት። ሰብለ የሴቶቹን መካከለኛ ድምፅ የምትይዝ ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ ጠበቃ ናት። ጥቁር ካባዋን ክንዷ ላይ ጥላ ከሰው መሀል ወጣች። ዶዶላ ለፍርድ የመጣ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ከተከሳሹ ጋር ቆሎ ይበላል፤ እዚህ ሁሉም ፋይል ታቅፎ ይሮጣል። አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብተን በያይነቱ በላን፣ እሷ በእጇ አጎረሰችኝ። ሙዚቃስ አልኳት። ሳቀች። የምትዘፍነው የብሎካቸው ወይም የወዳጅ ልጅ ሲዳር ብቻ ነው፤ እሷ ታወጣለች፣ ሴቱ ሁሉ ይቀበላል። ችሎት ላይ በሷ የተሸነፈች ጠበቃ ሳትቀር ለልጇ ሰርግ ጠርታታለች። እኔ ግን የማስታውሳት ሰው እንዳይሰማት ሌሎቹ ጀርባ ተደብቃ ስትዘፍን ነው። እንዴት አውጪ ሆነች? አልገባኝም።

ጥያቄዬን ለሷም አቀረብኩ። የኮሌጁ ጽሕፈት ቤት ተማሪ ያልሆነ ሰው እንዳይሄድ ከልክሎ ነው አለች። ማን ነገረሽ ስላት ማንም፣ እንደዚያ ይመስለኛል ብቻ አለች። ጠበቃ ሆና ማስረጃ የላትም። ፊቴ ሲጠቁር አየችና «ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ ክስ እኮ ጊዜው አልፎ በይርጋ ታግዷል» አለችኝ። ጌታቸው ሽሮው ትን አለው።

ቅዳሜ

ጠዋት ተነስቼ ገላዬን ታጠብኩ፣ የመንገዱን ማር ሁሉ አስለቀቅኩ። ስወጣ ዘነበች ባዶውን በርሜል እያየች ነው። ለካስ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የሳምንቱን ነው ያፈሰስኩት። እኛ አገር ውኃ የሚጠፋው ወንዝ ሲደርቅ ነው፣ ወንዝ ሲደርቅ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ምንም አይደል እያለች ጀሪካን ይዛ ወደ እማማ ዘሃራ ወረደች። ተከትያት ወርጄ ሞልቶ የተሰጣትን ተሸከምኩ። እማማ ዘሃራ ዛሬስ ፎቁን በትክክል ቆጠርከው አሉኝ።

ከዚያ ዘነበች ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ሄደች፣ ማርታ እዚያ አትጠፋም ብላ። ማርታ የቀጭኑ ድምፅ ባለቤት ነበረች፤ ስትዘፍን ወጥ ቤት ድረስ ትሰማ ነበር። ነጭ ለብሳ ከእናቶች ጋር ከበሮ ሥር አገኘናት። ትዘምራለች። ድምፁ ያው ነው፣ አካሄዱ ግን ሌላ ነው፤ ያኔ እንደ ክር ቀጥ ይል ነበር፣ አሁን ይጠማዘዛል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር። እኔ የቱ እንደሚሻል አላወቅኩም።

ስትጨርስ አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ዓለማዊ ዘፈን ከተወች ቆይታለች። መምህሩ ጋ የምትሄደው መዝሙር ልታሰማቸው ነው፣ «ተሻገሩ»ን ሌሎቹ ሲዘፍኑ እሷ ዝም ትላለች። ያን ቀን ለምን እንዳወረዱኝ ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኳት። ፊቴን ብዙ አየችው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ኳየር ውስጥ ነበርክ እንዴ? እኔ የማስታውስህ ወጥ ስትጨልፍ ነው።»

በክፋት አይደለም ያለችው። በክፋት ብትለው ይሻለኝ ነበር። በመንገድ ላይ ዘነበች ልታጽናናኝ ብላ ብርቱካን ገዛችልኝ፤ ልጣጩን ይዤ ቤት ገባሁ። ከሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ ነው ያገኘሁት፣ ሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ አልነበርክም የሚል ነው። ጀሪካኔን ይዤ መመለስ አሰኘኝ።

እሁድ

እዚያው ልደታ ያለው ጌጃ ሰፈር ግማሹ ፈርሷል። በግራ ግንብ ይወጣል፣ በቀኝ አሮጌው ሰፈር እንደነበረው አለ፤ ብየዳ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ የከሰል ሱቅ ተደጋግፈው ቆመዋል። ዶዶላ ላይ በሁለቱ ቤት መሀል የገብስ ማሳ አለ፤ እዚህ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የምትለው ከአልጋህ ሳትነሳ ነው። የመምህር ታደሰ ቤት ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ናት።

ሚስታቸው እትዬ ወይንሸት በሩ ላይ ተቀበሉን። ደምሴ ነኝ ስላቸው «ባሱ?» አሉና እጄን ይዘው ቆዩ። ማሩን ሰጠኋቸው። ወደ ውስጥ ስገባ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር፤ መንገድ ሙሉ ነው ያጠናሁት። አልጋው ላይ ግን የተኙት እኔ የማውቃቸው ሰው አይደሉም። ግማሽ ፊታቸው ወርዷል፣ ቀኝ እጃቸው ጋቢው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። አዩኝ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ አልቆመም፣ ወደ ግድግዳው ሄደ። ንግግሬን ትቼ ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

ጌታቸው፣ ሰብለና ማርታ አልጋውን ከበው ቆሙ። ማርታ ቃሉን አልዘፍንም፣ ዜማውን ብቻ በአፍንጫዬ እልላችኋለሁ አለች። እኔ እንዳልታወቀ ሰው በሩ ጋ ቀረሁ።

ጀመሩ። እግዜር ያሳያችሁ። ጌታቸው ሙሽራ እንደሚያስገባ ድምፁን ያንቀጠቅጣል። ሰብለ አንዱን ስንኝ ትልና ተቀባይ እንዳለ ሁሉ ቆም ትላለች። ማርታ በአፍንጫዋ ዜማውን ወደ መዝሙር ትጠመዝዘዋለች። አንድ ወንዝ ነው የሚሻገሩት፣ ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ድልድይ። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ ወይንሸት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ሰብለ ወደኔ ዞረችና በዓይኗ ጠራችኝ።

ገባሁበት። «ተሻገሩ።» ድምፄ አርጅቷል ብዬ ነበር፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ግን መለሰልኝ። «ተሻገሩ።» ሦስቱ ወደኔ ተሰበሰቡ፤ የሚያርፉበት አገኙ መሰለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ልማዴ መጣ፣ ማማሰል ጀመርኩ።

የመምህር ታደሰ ዓይን ተከፈተ።

ግራ እጃቸው ከጋቢው ሥር ወጣ። ጭናቸውን መታ። እኔ ቀጠልኩ። ደግመው መቱ፣ ጠንከር አድርገው። ግንባራቸው ተኮማተረ፤ ያ ግንባር፣ አውቀዋለሁ። እኔ ስደነግጥ ይበልጥ ዘገየሁ። ይሄኔ አፋቸው ተጣመመ፣ ከደረታቸው የዛገ በር ድምፅ የመሰለ ነገር ወጣ፣ ከዚያም «ተሻገሩ» አሉ። «ተሻገሩ፣ ተሻገሩ።» የኔን ድርሻ ነው፤ በትክክለኛው ፍጥነት፣ ጭናቸውን እየመቱ። ሰው ይሄን በፍቅር የዘፈኑት ሊመስለው ይችላል። እኔ ፊታቸውን አይቻለሁ። ስለተናደዱ ነው።

ሁላችንም መዝፈን አቆምን። እሳቸው ብቻቸውን እስከ መጨረሻው ሄዱ። እትዬ ወይንሸት መሬት ላይ ተቀመጡ።

ማርታ እጄን ያዘችኝና «አሁን አስታወስኩህ። በግራ ጆሮዬ በኩል ነበርክ» አለችኝ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ግራ የገባኝ። እሳቸው ባሱን እንዲህ ሳይስቱ እንዴት ያዙት ብዬ ጠየቅኩ። ሰብለ ገርሟት አየችኝ።

«ያን ቀንም እሳቸው አይደሉ እንዴ የዘፈኑት? አንተ ስትወርድ ሌላ ባስ አልነበረንም። መሪ ሳይኖረን ነው የዘፈንነው፤ እሳቸው አንተ ቦታ ላይ ቆመው።»

«ሌላ ተማሪ አልነበረም?»

«ኧረ የምን ተማሪ ጋሽ ደምሴ። ተበላሽቶብን ነበር እኮ፤ ማን ይምራን? ስንመለስ መንገድ ሙሉ አልተናገሩም።»

መነጽር ያለው፣ ክራቫት ያሰረው ልጅ የለም። ኖሮም አያውቅም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያም ጠየቅኳቸው፤ ሌላ ጊዜ እንደማላገኝ ታውቆኛል።

«መምህር፣ ለምን አወረዱኝ?»

ሰምተውኛል። አፋቸው ሠራ፣ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ አንገታቸው ላይ ጅማቱ ቆመ። ምንም አልወጣም። እትዬ ወይንሸት አታስጨንቃቸው ልጄ አሉኝ። ማንበብ ስለማልችል ነው? ተማሪ ስላልሆንኩ ነው? አልኳቸው። አሁንም ሞከሩ፣ አቃታቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ የንዴት ይሁን የሌላ አላውቅም። ከዚያ ግራ እጃቸው እጄን ፈልጎ አገኘውና ወስዶ ጭናቸው ላይ መታበት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አሁንም መታበት። ምት ነው የሚሰጡኝ። ይሄ መልሱ ይሁን፣ ወይስ መልሱን ትተው ዘፈኑን ያዝ ማለታቸው ይሁን እስከ ዛሬ አልለየሁም። ሰብለን አየኋት፣ ጌታቸውን አየሁት፤ እነሱም እኔን ያያሉ።

ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ዘፈንኩ። እሳቸውም ዘፈኑ። እጄን አልለቀቁትም፣ ስዘገይ ያጠብቁታል። ብዙ ጊዜ አጠበቁት።

ስንወጣ እትዬ ወይንሸት ባዶውን ጀሪካን ቆሎ ሞልተው መለሱልኝ።

ሰኞ

መመለሻው አጭር ነው፣ ማርም የለም። ጌታቸው እስከ ቃሊቲ ሸኘኝ። እሁድ እሁድ በስልክ ባስህን እንወስደዋለን አለኝ፤ ስልኩን አልጋው ላይ አድርገው እኔ ከዶዶላ እዘፍናለሁ ማለት ነው። ይሆናል ወይ አልኩት። አላውቅም እንሞክር አለ። አውቶቡሱ ውስጥ ስገባ ሳላስበው ከኋላ ተቀመጥኩ፣ እስኪነሳ ድረስም በሩን አየሁ። ማንም ውረድ አላለኝም። በቆጂ ላይ ያው ጉም ነበር።

ማታ አስካለ እግሬን እያስታጠበችኝ ጠየቅካቸው ወይ አለች። ጠየቅኳቸው አልኳት።

«እህስ፣ ምን አሉህ?»

«ትጎትታለህ አሉኝ።»

«ይሄንንማ እኔ እነግርህ አልነበረም? አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደህ?»

እንግዲህ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሲነጋ የምረግመው ሰው አጣሁ፤ ልጁ ከነመነጽሩ ሄዷል፣ ቦታው ባዶ ነው። ያወረዱኝ ስለዘገየሁ ብቻ ከሆነ የማታ ትምህርቱን ሁሉ የተማርኩት በማይሆን እልህ ነው። አይደለም ከተባለም ሌላውን ምክንያት የሚነግረኝ የለም። ፊደሉ ግን ገብቶብኛል፣ መመለስ አይቻልም፤ ምን ላድርገው ብዬ ይሄን ጻፍኩበት።

ስጽፍ ሳላውቀው ግራ እጄ ጭኔን ይመታል፣ አፌም ያንኑ ይላል። አስካለ ከጓዳ ሆና አሁን ደግሞ ፈጠንክ ትለኛለች። የቱ ልክ እንደሆነ የሚያውቁት ሰው ልደታ ናቸው፤ እሁድ ስልኩን ሲያስጠጉላቸው ጭናቸውን ሲመቱ እሰማ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን አስተካክዬ እጠብቃለሁ።